የኮሶ ሻጯ ልጅና የጉራምባው አዝማሪ

ኮሶ የደጋ ዛፍ ነው። በሰሜን ጎንደር ብርድና ጉም በማይለያቸው ተራሮች ላይ ይበቅላል። ቀላ ያለው አበባው ተለቅሞ፣ ደርቆና ተወቅጦ፣ በውኃ ተበጥብጦ ሲጠጣ የሆድ ትል ያስወጣል። የዛሬው መድኃኒት ከመምጣቱ በፊት ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው ሁሉ፣ ንጉሥም ይሁን ሎሌ፣ በየጊዜው ኮሶ መጠጣት ግድ ይለው ነበር። ሁሉም ይፈልገዋል፤ በአደባባይ ስሙን የሚያነሣው ግን የለም። ጣዕሙ መራራ ነው፤ ሥራውም የሚያሳፍር ነው። በዚህም የተነሣ በገበያ ኮሶ ዘርግቶ የሚሸጥ ሰው የድኻ ድኻ ተደርጎ ይቆጠር ነበር።

የተከፋፈለችውን ኢትዮጵያ አንድ ለማድረግ የተነሡት ዐፄ ቴዎድሮስ የኮሶ ሻጭ ልጅ እየተባሉ ተሰድበዋል። ከሰደቧቸው መካከል ሳይበቀሉት ያለፉት ጥቂት ነው። ከተበቀሏቸው አንዱ ግን ጦርም ጋሻም አልያዘም ነበር፤ በእጁ የነበረው መሰንቆ ብቻ ነው። የእሱ ሞት ከታላላቆቹ ጦርነቶች ጎን ሲነገር ትንሽ ነገር ይመስላል። የንጉሠ ነገሥቱን ሕይወት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለሚከተል ሰው ግን በመቅደላ የተፈጸመው ነገር መነሻው እዚያ ይታያል።

ካሳ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም ገደማ በቋራ ተወለዱ። አባታቸው ደጃዝማች ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ የቋራ ባላባት ነበሩ። እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ወንድበወሰን ይባላሉ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር። በጎንደር ቤተ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት የሚባል ሰው ቢቀመጥም እውነተኛው ሥልጣን በየጁ ራሶች እጅ ነበር። መሳፍንቱ እርስ በርስ ሲዋጉ የሚቃጠለው የገበሬው ቤት፣ የሚረገጠው የገበሬው አዝመራ ነበር። አባት በልጅነታቸው ስለሞቱባቸው የካሳ ድርሻ በሌሎች እጅ ገባ። እናት ልጃቸውን ይዘው ጎንደር ገቡ፤ ችግር ስለበረታባቸውም ኮሶ እየሸጡ ኖሩ ይባላል። ነገሩ እውነትም ይሁን ጠላት ያጋነነው፣ ወሬው ልጁን እስከ ዙፋን ድረስ ተከትሏቸዋል።

ካሳ ለትምህርት ወደ ገዳም ተላኩ። ፊደል ቆጠሩ፤ ዳዊት ደገሙ። የመሳፍንቱ ጦርነት ግን ገዳምንም አይምርም ነበር። ይማሩበት የነበረው ገዳም ሲዘረፍና ሲቃጠል ሕፃኑ ካሳ ለጥቂት አመለጡ። ከዚያ በኋላ በዘመዳቸው በደጃዝማች ክንፉ ቤት አደጉ፤ ፈረስ መጋለብና ጦር መወርወር የተማሩትም በዚያ ነው። በ1831 ዓ.ም ክንፉ ሲሞቱ ግን ደንቢያና ቋራ ለራስ ዓሊ እናት ለእቴጌ መነን ተሰጠ። ወጣቱ ካሳ ሁለተኛ ጊዜ ያለ ርስት ቀሩ። አማራጭ ስላጡም ጫካ ገቡ።

የቋራ ቆላ እንደ አርማጭሆ ቆላ ሁሉ ወደ ሱዳን ሜዳ የሚወርድ፣ ሙቀቱ የበረታ፣ ቁጥቋጦው የበዛ አገር ነው። ለሸፈተ ሰው መሸሸጊያ ነው፤ ለሚያሳድድ ጦር ግን መከራ ነው። ካሳ በዚህ አገር ተከታይ አበዙ። በረሃብ ጊዜ ከዘረፉት ሀብት ለገበሬው ያካፍሉ እንደነበር ይነገራል። ስማቸው እየገነነ ሲሄድ ራስ ዓሊ በጦር ከመግጠም ይልቅ በጋብቻ ማሰርን መረጡና ልጃቸውን ወይዘሮ ተዋበችን ዳሩላቸው። ጋብቻው ከፖለቲካ ቢጀምርም ወደ ፍቅር ተለወጠ። ተዋበች እስከ ዕለተ ሞታቸው ከአባታቸው ይልቅ ለባላቸው ወገኑ።

ይሁን እንጂ በእቴጌ መነን ግቢ ካሳ የተናቁ አማች ነበሩ። ንቀቱ ሲበዛ ዳግም ሸፈቱ። እሳቸውን እንዲይዙ ከተላኩት አዛዦች አንዱ ወንድይራድ ይባላል። ይህ ሰው የኮሶ ሻጯን ልጅ አስሬ አመጣለሁ ብሎ በአደባባይ ፎከረ። ውጊያው ግን እንደ ፎከረው አልሆነም፤ ተማረከ። ካሳም ምርኮኛቸውን በጦር አላስወጉትም። እንደሚተረከው ኮሶ አስበጥብጠው በግድ አጠጡት። በቀሉ በስድቡ ልክ የተሰፋ ነበር። ሠራዊቱ ሳቀ፤ ወሬው በየገበያው ተነዛ። በዚያ ጊዜ ነገሩ የቀልድ ያህል ይታይ ነበር።

በሰኔ ወር 1839 ዓ.ም እቴጌ መነን ራሳቸው ጦር እየመሩ ወጥተው ቆሰሉና ተማረኩ። ካሳ ግን እቴጌይቱን አልገደሏቸውም፤ ደንቢያን ተቀብለው ለቀቋቸው። የሰደባቸውን ኮሶ ያጠጡት ካሳ የናቋቸውን እቴጌ በስምምነት መሸኘትም ይችሉ ነበር። ሁለቱም ጠባይ በአንድ ሰው ውስጥ ነበረ። የቀሪው ሕይወታቸው ታሪክ ከሁለቱ የትኛው እንደ በረታ የሚያሳይ ነው።

በ1840 ዓ.ም ካሳ ወደ ሱዳን ወርደው ደባርቂ በተባለ ቦታ ከግብፅ ጦር ጋር ገጠሙ። በመድፍና በሥርዓት በተሰለፈ ወታደር ፊት የፈረሰኛ ጀግንነት ብቻውን እንደማይበቃ ያዩት በዚያ ሽንፈት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መድፍ የሕይወታቸው ሕልም ሆነ።

ወደ ታላቁ ፍጥጫ ያደረሳቸው ግን የአገር ውስጥ ጉዳይ ነው። ካሳ ደብረ ታቦር ድረስ መጥተው እንዲገብሩ በራስ ዓሊ ሲታዘዙ እምቢ አሉ። ራስ ዓሊም የካሳን ግዛት ለጎጃሙ ገዥ ለደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ሰጡ። ጎሹ ግዛቱን ሊረከቡ ጣናን ዞረው ደንቢያ ደረሱ። ኅዳር 19 ቀን 1845 ዓ.ም ሁለቱ ጦሮች ጉራምባ ላይ ተፋጠጡ።

ኅዳር ለደንቢያ ገበሬ የሽንብራ ወር ነው። የክረምቱ ውኃ ከዋልካው አፈር ሳይደርቅ የተዘራው ሽንብራ ማሳውን የሚሸፍንበት ጊዜ ነው። የጎሹ አዝማሪ፣ በትውፊት ጣፈጭ የሚባለው ሰው፣ በሁለቱ ጦሮች ፊት መሰንቆውን ይዞ የወጣው በዚህ ወቅት ነው። ሥራው የታወቀ ነው። አዝማሪ ጌታውን ያወድሳል፤ ሠራዊቱን ያጀግናል፤ ጠላትን ያዋርዳል። ጣፈጭም ካሳን እንደ እብድ ቆጠራቸው። ጥቂት ጎረምሶች ይዘው ጉራምባ መውረዳቸውን አፌዘበት። ማንዣበብ እንጂ መዋጋት አይችሉም አለ። ሽንብራውንም ከግጥሙ አልለየውም፤ ወርደው ማሳው ላይ እንዲጠምዱ ጋበዛቸው። የጎጃም ሠራዊት ሳቀ።

ቀኑ ሳይመሽ ሳቁ ቆመ። ደጃዝማች ጎሹ በጥይት ተመተው ወደቁ፤ ሠራዊታቸውም ተበተነ። ጣፈጭ ተማረከና ካሳ ፊት ቀረበ። ስለ ሰደባቸው ሲጠየቅ የመለሰው እንደ ልማዱ በግጥም ነው። በግጥሙም የአምላክን ቁጣ ጠራ፤ ሥራ ያጣ አፍ ወዳጁን እንደሚያማ ተናገረ፤ ለፍላፊ አዝማሪ ሽመል እንደሚገባው በራሱ ላይ ፈረደ። የአዝማሪ ግጥም ሰምና ወርቅ አለው። ሰሙ ፍርድ ነው፤ ወርቁ የምሕረት ልመና ነበር። በጎንደር ወግ ጌታ በእንዲህ ያለ ግጥም ልቡ ይራራል፤ አዝማሪውንም ሸልሞ ይሰዳል። ካሳ ግን ሰሙን ብቻ ሰሙ። እንደ ቃሉ ይሁን ብለው አዘዙ፤ አዝማሪው በሽመል ተደብድቦ ሞተ።

ወንድይራድ ኮሶ ጠጥቶ በሕይወት ወጥቷል፤ ጣፈጭ ግን አልወጣም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ካሳ በምን መንገድ ይጓዙ እንደነበር ያመለክታል።

ጥበብ፣ በደልና በቀል የተገናኙበት ታሪክ በሌላውም ዓለም ይተረካል። ጉራምባ ከሆነ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1945 ዓ.ም በአሜሪካ የወጣ የሰም ቤት የተሰኘ አስፈሪ ፊልም ከሰም የሰው ምስል የሚሠራ ጥበበኛ ያሳያል። ሸሪኩ የመድን ገንዘብ ለመብላት ሲል ምስሎቹን ከነቤቱ ያቃጥልበታል። ጥበበኛው ፊቱና እጁ ተበላሽቶ ከእሳቱ ይተርፋል። መጀመሪያ የበደለውን ሸሪክ ይገድላል። እጆቹ እንደ ቀድሞው መቅረጽ ስለማይችሉ ግን ምንም ያልበደሉትን ሰዎች እየገደለ ሬሳቸውን በሰም መለበጥ ይጀምራል። ቪንሰንት ፕራይስ የተባለው ተዋናይ በአስፈሪ ፊልም ስሙ የገነነው ይህን ሰው ሆኖ ከሠራ በኋላ ነው።

በፊልሙ የተበደለውም የገደለውም ጥበበኛው ነው። በጉራምባ ተሳዳቢው ጥበበኛ፣ ተበቃዩ ጦረኛ ነበሩ። ሁለቱን ታሪኮች አንድ የሚያደርጋቸው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በቀል በበደለኛው ላይ አልቆመም፤ ሲለመድ ያልበደለውንም ጠራርጎ ወሰደ።

ከጉራምባ በኋላ ካሳን የሚያቆማቸው አልተገኘም። ሰኔ 23 ቀን 1845 ዓ.ም አይሻል ላይ ራስ ዓሊን ድል ነሡ፤ የየጁ ራሶች ዘመንም አበቃ። የካቲት 3 ቀን 1847 ዓ.ም ደረስጌ ላይ የሰሜኑንና የትግራዩን ገዥ ደጃዝማች ውቤን ማረኩ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ብለው ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ አቡነ ሰላማ ቀብተዋቸው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ዛሬ በጃናሞራ የሚገኘው ይህ ቤተ ክርስቲያን የኮሶ ሻጭ ልጅ የተባሉት ሰው ንጉሠ ነገሥት የሆኑበት ቦታ ነው።

የንግሥናቸው መጀመሪያ ተስፋ የተሞላ ነበር። ነጋዴው ወደ ንግዱ፣ ገበሬው ወደ እርሻው እንዲመለስ አወጁ። ወታደር የገበሬን ጎተራ እየዘረፈ መኖሩን ለማስቀረት ደመወዝ የሚከፈለው ሠራዊት ለማቋቋም ሞከሩ። በጋፋት አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን አስፍረው መድፍ አሠሩ። እነዚህ ሥራዎች ስማቸውን እስከ ዛሬ አቆይተውታል፤ ከቋራ እስከ አርማጭሆ በስማቸው የሚምለውና የሚፎክረው ሰውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ይሁን እንጂ በ1850 ዓ.ም መጨረሻ እቴጌ ተዋበች ሞቱ። ቁጣቸውን ያበርዱ የነበሩት እሳቸው እንደ ነበሩ ብዙዎች ይመሰክራሉ። በ1852 ዓ.ም ወዳጃቸው የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን ጎንደር አጠገብ፣ ቀሃ ወንዝ ላይ፣ በጋረድ ሰዎች ተወግቶ ሞተ። ጋረድ የንጉሠ ነገሥቱ የራሳቸው ዘመድ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ቴዎድሮስ ጋረድን ሊበቀሉ ዘመቱ። በዚያ ውጊያ ጋረድ ተገደለ፤ ሁለተኛው እንግሊዛዊ ወዳጃቸው ጆን ቤልም ሞተ። ገዳዩ ሞቶ ሳለ በቀሉ አልቆመም። እጃቸውን የሰጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ የጋረድ ተከታዮች ተገደሉ። በጉራምባ የሞተው አንድ አዝማሪ ነበር፤ አሁን ቁጥሩ ሌላ ሆነ።

በ1857 ዓ.ም እንደ ልጃቸው ያሳደጓቸው የሸዋው ምኒልክ ከመቅደላ አመለጡ። ምኒልክ ያመለጡት በወሎዋ ገዥ በወይዘሮ ወርቂት አገር በኩል ነው። የወርቂት ልጅ በመቅደላ እስር ላይ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ያመለጡትን ምኒልክን ማግኘት ስላልቻሉ በእጃቸው ያለውን ልጅ ከሌሎች የወሎ እስረኞች ጋር አስገደሉት። ልጁ ምኒልክን አላስመለጠም፤ እሱ እንደ ታሰረ ነበር።

ቀጥሎ የጎንደር ተራ መጣ። በኅዳር 1859 ዓ.ም ዐፄ ቴዎድሮስ ከተማዋን አዘረፉ፤ አቃጠሉም። ነዋሪው ለዐመፀኞች አድልቷል ብለው ተቆጥተው ነበር። የነገሥታቱ ሠዓሊዎችና ጸሐፊዎች ለሁለት መቶ ዓመታት የደከሙባቸው አብያተ ክርስቲያናት ነደዱ። የብራና መጻሕፍቱና ንዋየ ቅድሳቱ ተጭነው ወደ መቅደላ ሄዱ። ፊልሙ ላይ እሳቱን የለኮሰው የጥበብ ጠላት ነው። ጎንደርን ያቃጠሉት ግን በልጅነታቸው ገዳማቸው ሲቃጠል ያዩ ሰው ነበሩ።

ሚያዝያ 2 ቀን 1860 ዓ.ም የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ሥር ደርሶ ሳለ፣ ለዓመታት በሰንሰለት የቆዩ ኢትዮጵያውያን እስረኞች እህልና ውኃ ፈልገው ጮኹ። ንጉሠ ነገሥቱ ጩኸቱን እንደ ዐመፅ ቆጠሩት። በዚያ ምሽት ከመቶ በላይ ሰዎች እየተገደሉ ገደል ተወረወሩ። በማግስቱ በአሮጌ ጦርነት ሠራዊታቸው በእንግሊዝ ሮኬትና ጠመንጃ አለቀ፤ የሚወዱት ፊታውራሪ ገብርዬም ወደቀ። ቴዎድሮስ የአውሮፓ እስረኞችን ለቀቁ። የምሕረት ጠባያቸው በመጨረሻ ተመልሶ ታየ፤ ጊዜው ግን አልፎ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን በጠላት እጅ ላለመውደቅ ሽጉጣቸውን ጠጥተው ሞቱ። ሞታቸው ኩራትን ያስተማረ ሞት ነው። በዚያ ቀን ከጎናቸው የቆመው ሰው ጥቂት መሆኑ ግን በመቅደላ የተጀመረ ነገር አልነበረም።

የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የዘረፈውን ሀብት የተሸከሙት 15 ዝሆኖችና 200 ገደማ በቅሎዎች ነበሩ። ከጭነቱ ውስጥ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የመጡ መጻሕፍት ይገኙበታል፤ ብዙዎቹ ዛሬም በለንደን ናቸው። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ አብሮ ተወሰደ፤ በ1872 ዓ.ም በ18 ዓመቱ በእንግሊዝ ሞቶ በዊንዘር ተቀበረ።

ንጉሠ ነገሥቱን ከሞት በኋላ ያነሣቸው ደግሞ ጥበብ ነው። ገና ሬሳቸው ሳይቀዘቅዝ አልቃሾች ስለ መቅደላው ሞት መግጠም ጀመሩ። ከብዙ ዘመን በኋላ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና ጸጋዬ ገብረ መድኅን በቴአትር፣ ብርሃኑ ዘሪሁን የቴዎድሮስ ዕንባ በተሰኘ ልብ ወለድ፣ አቤ ጉበኛ አንድ ለናቱ በተሰኘ መጽሐፍ ቴዎድሮስን ለአዲስ ትውልድ አስተዋወቁ። የእናታቸው ስም መሰደቢያ የነበረባቸው ሰው፣ እናታቸው በርዕሱ የተነሣችበት መጽሐፍ መታሰቢያቸው ሆነ። የጣፈጭ ግጥምም አልሞተም። ሽመሉ አዝማሪውን ገደለ፤ ስድቡ ግን ጉራምባ በተነሣ ቁጥር አብሮ ይነሣል። ቃሉን ለማጥፋት ተብሎ የተፈጸመው ግድያ ቃሉን የማይረሳ አደረገው።

ይህ ታሪክ በሳንጃና በአርማጭሆ ሲነገር የነገሥታት ወሬ ብቻ ሆኖ አይቀርም። በእነዚህ ቆላዎች በሰርግና በጠጅ ቤት የተሰነዘረ አንድ የስድብ ቃል ለደም ያበቃል። ደም የገባበት ሰው ከማሳው ይሸሻል። ሰሊጡና ማሽላው የሚያጭደው ያጣል፤ በሬው ያለ ጠማጅ ይቆማል። ገዳዩ ሲጠፋ ደመኛው ወንድሙን ወይም የአጎቱን ልጅ ይፈልጋል። የወይዘሮ ወርቂት ልጅ የሞተው በዚህ ሕግ ነው። የጋረድ ተከታዮችም ያለቁት በዚሁ ነው።

የአገሩ ሽማግሎች ይህን ሰንሰለት የሚቆርጡበት ሥርዓት አላቸው። ሁለቱን ወገን አስቀምጠው ያስታርቃሉ፤ ደም ያደርቃሉ፤ ለሟች ወገን የደም ካሳ ያስከፍላሉ። የወይዘሮ አትጠገብ ልጅም ስማቸው ካሳ ነበር። ቃሉ የጠፋውን የሚተካ፣ የተጎዳውን የሚክስ ማለት ነው። እቴጌ መነንን በደንቢያ ለውጠው በለቀቁበት ቀን ካሳ እንደ ስማቸው አድርገዋል። ደንቢያንም አገኙ፤ ደምም አልፈሰሰም። በጉራምባ ግን ምሕረት በግጥም ተለምነው እምቢ አሉ፤ ከዚያ ወዲህ በቀል በእያንዳንዱ ዓመት ከቀድሞው የበለጠ ዋጋ ጠየቃቸው።